በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር እኩል የማይሰሙ ተማሪዎች

በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ያሉት ሚዛን ተፈሪና ቴፒ በዓመቱ አብዛኞቹ ወራት ዝናብ ያገኛሉ። ኮርኒስ በሌለው ክፍል ኃይለኛ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታ የመምህሩ ድምፅ ይዋጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በመማሪያ ክፍል ያለው የአካባቢ ድምፅ ከ35 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። የድምፅ ባለሙያዎች ደግሞ የመምህሩ ንግግር ከሌላው ድምፅ በ15 ዴሲቤል ያህል ከፍ እንዲል ይፈልጋሉ። ዶፍ ሲወርድ ሁለቱም አይሆንም።

ችግሩ የሁሉም ልጅ ቢሆንም እኩል አይደርስባቸውም። አብዛኛው ተማሪ ያመለጠውን ቃል ከቀሪው ይገምታል፤ አንጎሉም ጩኸቱን ወደ ጎን ትቶ ንግግሩን ያስቀድማል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ግን ጩኸቱም ንግግሩም በእኩል ኃይል ሊመጡበት ይችላሉ። ጆሮውን ይይዛል፣ ዴስክ ሥር ይገባል፣ ወይም በሩን ከፍቶ ይሮጣል። ትኩረቱን መግዛት የሚያስቸግረው፣ ማለትም ኤዲኤችዲ ያለበት ልጅ ደግሞ፣ መምህሩ ሦስት ነገር ሲያዘው የመጀመሪያውን ጀምሮ ሁለቱ ይጠፉበታል። ሁለቱም ብዙ ጊዜ የሚያገኙት ስም አንድ ነው፤ ረባሽ።

ይህን ስም ከልጆቹ ላይ ለማንሳት የሐኪም ወረቀት መጠበቅ ያለብን አይመስለኝም። ከሚዛን አዲስ አበባ 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአንድ ቡና ለቃሚ ቤተሰብ ይህ መንገድ ቀላል አይደለም። ደግሞም መመርመር ብቻውን ትምህርት አይሆንም። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች የሚከታተሉ 102 ወላጆችንና አሳዳጊዎችን ጠይቆ ነበር። ከአራቱ ሦስቱ ገደማ የጎደለን ያሉት ለልጃቸው የሚሆን ትምህርት ነው። ክሊኒክ የደረሱት እንዲህ ካሉ፣ ያልደረሱት ምን ይሉ ይሆን?

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ይህን ችግር በራሳቸው ልጅ አይተውታል። ልጃቸውን የሚቀበል ትምህርት ቤት ሲያጡ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን መሠረቱ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። አፍ ላልፈቱ ልጆችም በአማርኛ ፊደል ድምፆች ላይ የቆመ፣ አቡጊዳ ፎነቲክስ ያሉትን ዘዴ አዘጋጁ። እስኪያርፉ ድረስ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ ከመናገር አልቦዘኑም። ከሥራቸው የምወስደው ትልቁ ነገር የማስተማሪያው ዘዴ እዚሁ፣ በእጃችን ባለው ፊደል ሊሠራ መቻሉን ነው።

ሚዛንና ቴፒ ባሉባቸው በቤንች ሸኮና በሸካ ዞኖች ክፍሎች ውስጥ ከሁሉ የሚያወዛግበው ግን የንባብ ጉዳይ ነው። አንድ ልጅ ማንበብ ሲያቅተው ምክንያቱ ብዙ ሊሆን ይችላል። በ2010 እ.ኤ.አ. በስምንት ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና 34 በመቶ የሚሆኑ የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች ለክፍላቸው ከተዘጋጀው ታሪክ አንዲት ቃል ማንበብ አልቻሉም። ሁሉም ዲስሌክሲያ የሚባለው የንባብ ችግር አለባቸው ማለት ዘበት ነው፤ ብዙዎቹ በወጉ አልተማሩም። ቴፒ ላይ ደግሞ በአንድ ዴስክ የሸኮ፣ የመዠንግር፣ የከፋና የአማራ ልጆች ጎን ለጎን ሊቀመጡ ይችላሉ። የቤንች ቋንቋ የቃል ትርጉም በቃና የሚለይበት፣ አምስት የቃና ደረጃዎች ያሉት ቋንቋ ነው። በዚያ ጆሮ ያደገ ልጅ አማርኛ ላይ ዝም ቢል እንግዳ ነገር አይደለም።

እንዴት ይለያል? ልጁ በቤቱ ቋንቋ ተረት ያውራ፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ይስማው። በቤቱ ቋንቋ አቀላጥፎ የሚያወራና በቃላቱ ውስጥ ያሉትን ድምፆች የሚነጥል ከሆነ የጎደለው የአማርኛ ልምምድ ሊሆን ይችላል። በገዛ ቋንቋው ተረቱን እያሳመረ፣ ቃሉ በምን ድምፅ እንደሚጀምር መለየት ወይም ድምፁን ከፊደሉ ማገናኘት ዘወትር ካቃተው ግን ዲስሌክሲያን መጠርጠር ይገባል፤ ችግሩ ያለው ድምፅን ከምልክት በማዛመዱ ላይ ነውና። ፊደላችን 33 ቤቶች በሰባት ዓይነት፣ 231 ምልክቶች አሉት፤ ብዙዎቹ የሚለያዩት በአንዲት ቅጥያ ነው። በኅብረት ሲዜም ደግሞ የማያነበው ልጅ ይሸፈናል። የኔታዎች ከሀሁ ቀጥለው አቡጊዳን ያስቆጥሩ ነበር፤ ቅደም ተከተሉ ስለሚለወጥ በቃሉ የያዘው ወዲያው ይታወቃል። ዛሬም ከመሐል «ሜ»ን ብቻ ማሳየት በቂ ነው። ከዚያ በቀን ጥቂት ፊደላት፣ እየነኩና እየጻፉ፣ ደጋግሞ።

የቀረው ድጋፍም እንዲሁ እጅ ላይ ያለ ነው። ዝናብ ሲጀምር የሚነሳ አንድ ካርድ፤ ካርዱ ሲነሳ የቃል ማብራሪያ ቆሞ ሁሉም ወደ ሰሌዳና ደብተር ይዞራል። ድንገት የሚመጣ ለውጥ ለሚያስጨንቀው ልጅ ቀጥሎ የሚሆነውን ማወቁ ራሱ እረፍት ነው። መመሪያ አንድ በአንድ ይሰጥ። አንድ ለአምስት የሚባለው የተማሪዎች ቡድን መመሪያውን ለጓደኛው የሚደግምለት ልጅ ይኑረው፤ ይህን አደረጃጀት ከዚህ ለበለጠ ሥራ ማዋል አይቻልም ባይ ነኝ። በቡና ለቀማ ወቅት ከትምህርት ቀርቶ ለሚመለስ ልጅም የለመደው መቀመጫ ይጠበቅለት።

ኢትዮጵያ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ ያወጣችው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው፤ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነትም በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያለበት ብዙ ነው፤ ከኮርኒስ ጀምሮ። ትምህርት ቤቱ ራሱ ዛሬ ሊጀምረው የሚችል ግን አንድ አለ። ልጁ በታችኛው እርከን ከኖረበት አንድ መምህር ወጥቶ በየክፍለ ጊዜው መምህር ወደሚቀያየርበት ሲሻገር፣ የሚያውቀው መምህር ምን እንደሚረብሸው፣ ምን እንደሚያረጋጋው፣ የት ሲቀመጥ እንደሚሰማ በግማሽ ገጽ ጽፎ ለተቀባዮቹ ሁሉ ይስጥ።