በነሐሴ የሚያብጥ በር፣ በጥር የሚሰነጠቅ ጠረጴዛ

እንጨት ቤት ውስጥ ደንበኛ ፊት የሚነገረውና ደንበኛው ከወጣ በኋላ የሚነገረው ለየቅል ነው። ደንበኛ ፊት «የደረቀ ዋንዛ ነው፤ ለልጅ ልጅ ያልፋል» ይባላል። ቀብድ ተቆጥሮ ሰውየው ከወጣ በኋላ አናጺው ጣውላውን በአንድ እጁ ብድግ ያደርግና «ይሄማ ገና ውኃ ነው» ይላል። ቀጠሮ ተሰጥቷልና ግን መጋዙ ይነሳል። ይህን የምጽፈው ከዚያው ቤት ውስጥ ሆኜ ነው። የማንንም ገበያ ለመዝጋት አይደለም። በዕረፍት ቀናቸው ጣውላ ገዝተው በእጃቸው መደርደሪያና ኮመዲኖ ለመሥራት የሚደክሙ ሰዎች ማንም ባልነገራቸው ነገር ልፋታቸው ሲበላሽ ማየት ስለሚያሳዝነኝ ነው።

እነዚህ ሰዎች እየበዙ ነው። የሒሳብ ሠራተኛ አለ፣ ነርስ አለች፣ ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ ወደ እኛ ግቢ ጎራ ይላሉ። ቁራጭ ይጠይቃሉ፣ መሮ ያስላሉ፣ ቡና ይፈላል፣ ክርክር ይጀመራል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከመገጣጠሚያ ነው። ኮላ ብቻውን ይበቃል ወይስ ብሎን ይጨመርበት? ወንዴና ሴቴ አድርጎ መሰካት ይሻላል ወይስ በሚስማር መምታት? «ጋሼ፣ እርስዎ በሚስማር የመቱት ወንበር እኮ ተነቃነቀ» ትላለች ነርሷ። መምህሩም «ያንቺስ በኮላ የተጣበቀው መቼ ጸና ልጄ?» ይሏታል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ሁለቱም ወንበሮች የተነቃነቁት ግን በሚስማሩም በኮላውም አይደለም። ጣውላው እርጥብ ነበር።

ከእኛ ግቢ ከሚወጣው ምክር ሁሉ አንዱን ብቻ ያዙ ብባል ይህንኑ ነው የምለው። መሳቢያው አልወጣ ሲል፣ የቁምሳጥኑ በር አልገጥም ሲል፣ የጠረጴዛው ፊት መሐል ለመሐል ሲተረተር፣ ቫርኒሹ ሲላላጥ፣ ኮላው ይወቀሳል፣ ማጠፊያው ይወቀሳል፣ ልጆች ይወቀሳሉ። ምርመራው መጀመር ያለበት ግን ከጣውላው እርጥበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እንጨት አየሩ ሲረጥብ ውኃ ይስባል፣ ሲደርቅ ይለቃል። በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት 50 በመቶ ሆኖ ቢቆይ እንጨቱ 9 በመቶ ያህል ውኃ ይዞ ይረጋል። እርጥበቱ 80 በመቶ ሆኖ ቢሰነብት ደግሞ ወደ 16 በመቶ ይወጣል። በአዲስ አበባ በበጋና በክረምት መካከል ያለው ልዩነት ቀላል አይደለም። እንጨቱ ሲያብጥም ሲሸሽም በርዝመቱ አይታወቅበትም። የሚንቀሳቀሰው በወርዱ ነው። ወርዱ 60 ሳንቲሜትር የሆነ የጠረጴዛ ፊት ከ9 ወደ 16 በመቶ ቢወጣ፣ እንደ እንጨቱ ዓይነትና አሰነጣጠቅ እስከ 1 ሳንቲሜትር ሊሰፋ ይችላል። ይህን 1 ሳንቲሜትር የሚያስቆም ሚስማርም ብሎንም የለም። ከታች ካለው እግርና ክፈፍ ጋር ዙሪያውን በብሎን ጠርቃችሁ ካሰራችሁት፣ በክረምት ይጎብጣል ወይም ክፈፉን ይገፋል፤ በበጋ ይሰነጠቃል።

ይህ እንግዲህ በወጉ የደረቀው ነው። ገና ከመሰንጠቂያ የመጣ ጣውላ 30 በመቶና ከዚያ በላይ ውኃ ይዞ ይመጣል። የወንበሩ እግር በዚህ ሁኔታ ተጠርቦ፣ ቀዳዳው ውስጥ በመዶሻ ተመትቶ ሲገባ ልክክ ይላል። ወር ሁለት ወር ሳሎን ከቆየ በኋላ የገባው ጫፍ ይቀጥናል፣ ኮላው ይላቀቃል፣ ወንበሩ መወላወል ይጀምራል። ደንበኛው ይመጣና «ኮላ ሰርቃችሁ ነው» ይላል። አንድ ሁለት ሚስማር ተመትቶለት ይሸኛል። ዋናውን ምክንያት የሚነግረው የለም፤ መንገር ማለት እርጥብ ጣውላ ሸጠንልሃል ማለት ነውና።

እርጥበቱን በራሳችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። በእጅ አንስቶ ክብደቱን መገመት የኖረበት ሰው ሥራ ነው። መለኪያ መሣሪያ ያለው ይጠቀምበት። የሌለው ግን የማድ ቤት ሚዛንና የኬክ ኦቨን ካለው ይበቃዋል። ከጣውላው ጫፍ አይቆረጥም፣ ጫፉ ከሌላው ቀድሞ ስለሚደርቅ ያታልላል። 30 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብታችሁ ወርዱን ሙሉ የያዘ፣ 2 ሳንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው ቁራጭ አውጡ። ወዲያው መዝኑና ጻፉ። ከዚያ ከ100 ዲግሪ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት ኦቨን ውስጥ አስቀምጡት። በየጥቂት ሰዓቱ እያወጣችሁ መዝኑ፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። መጀመሪያ 120 ግራም የነበረው 90 ላይ ከቆመ፣ 30 ግራም ውኃ ወጥቷል። 30ን ለ90 አካፍሉት፦ 33 በመቶ። በዚህ ጣውላ የቤት ዕቃ አይሠራም። ለእኛ አገር ሳሎን ከ10 እስከ 12 በመቶ ያለው ነው የሚፈለገው። ነርሷ ይህን ስትሰማ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቁራጮቿን በፌስታል ይዛ፣ ቁጥሮቹን በደብተር ጽፋ መጣች። የግቢው ክርክር መልኩን የቀየረው ያን ቀን ነው።

እርጥብ ጣውላ ለምን በዛ? የሻጩ ክፋት አድርጎ ማየት ትክክል አይመስለኝም። 2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ በጥላ ሥር ተደርድሮ በነፋስ እንዲደርቅ አንድ ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ ወፍራሙ ከዚያም በላይ። ዓመት ሙሉ ገንዘቡን ጣውላ ላይ አስሮ፣ የመጋዘን ኪራይ እየከፈለ የሚጠብቅ ነጋዴ ስንት አለ? ዋንዛ ደግሞ እንደልብ አይገኝም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ዝግባን፣ ጥድንና ኮሶን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥን ከልክሏል፤ መከልከሉም አግባብ ነው። ስለዚህ ከገበሬ ማሳና ጓሮ የሚገኘው ይሻማል፣ እንደመጣም ይሸጣል።

እዚህ ላይ ሌላም የማይነገር ነገር አለ። «ዋንዛ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ዋንዛ አይደለም። ግራቪሊያም ባሕር ዛፍም ቡናማ ቀለም ጠጥቶ፣ ቫርኒሽ ተቀብቶ በዋንዛ ስምና በዋንዛ ዋጋ ይወጣል። የፊቱን አትዩ። መሳቢያውን አውጡና ጀርባውን፣ የጠረጴዛውን ሆድ፣ ቀለም ያልደረሰበትን ጥግ ተመልከቱ። ግራቪሊያ በጎኑ ሲሰነጠቅ የሚያብለጨልጭ ዝንጉርጉር ያሳያል። በራሱ ስም ቢሸጥ የሚኮራበት እንጨት ነው፤ የሌላ ስም መለጠፉ ነው የሚያናድደኝ።

ዋንዛም ሆነ ግራቪሊያ፣ የደረቀውም በወርዱ መንቀሳቀሱ አይቀርም። ስለዚህ ጠረጴዛ የምትሠሩ፣ ፊቱን ከክፈፉ ጋር ስታስሩ የብሎኑን ቀዳዳ በወርዱ አቅጣጫ ሞላላ አድርጉት፤ ብሎኑ ከእንጨቱ ጋር ወዲያና ወዲህ ይላል። በር የምትሠሩ፣ መሐል ያለውን ጣውላ ክፈፉ ውስጥ በተቦረቦረው ቦይ አስገቡት እንጂ ኮላ አታስነኩት። የድሮ አናጺዎች ይህን ያውቁ ነበር። አሁን ኤምዲኤፍና ቺፑድ በዝቶ፣ እነሱ በወርድ እምብዛም ስለማይንቀሳቀሱ፣ ወጣቱ ሠራተኛ እውነተኛ እንጨትንም እንደ ቺፑድ ይገጥመዋል።

ሌላው የቅዳሜ ክርክር የእጅ ጓንት ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ጓንት ካላደረገ የመጋዝ ማሽን አይነካም ነበር፤ ለደኅንነት ብሎ። ከሚሽከረከር ዲስክ አጠገብ ጓንት አይደረግም። ጥርሱ ጨርቁን ከያዘ እጁን ይዞ ይገባል። ባዶ እጅ፣ የተሰበሰበ እጅጌ፣ ጣውላውን የሚገፋ ዱላ፦ ይኸው ነው።

ከዚህ የባሰውን ልንገራችሁ። መብራት ይጠፋል። ሰው ማሽኑን ሳያጠፋ ስልኩን ያነሳል፣ ወይም ዲስኩ ላይ የተያዘችውን ቁራጭ በእጁ ለማውጣት ጎንበስ ይላል። በዚያች ቅጽበት መብራቱ ይመጣል። መብራት ሲመለስ ራሱ የማይነሳ ማብሪያ ያላቸው ማሽኖች አሉ። የብዙዎቻችን ማሽን ግን እንደዚያ አይደለም። መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የሚደረገው ሶኬቱን መንቀል ነው። ይህን ማንም በክርክር አያሸንፈኝም፤ በሙያው ውስጥ ጣት የጎደለው ሰው የማያውቅ አናጺ አላየሁም።

ሰጋቱራውም ቀላል አይደለም። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ሰው ላይ ካንሰር ከሚያስከትሉ ነገሮች ተርታ ካስገባው ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። አፍንጫ ላይ የታሰረ ሻሽ ትልልቁን ያስቀር ይሆናል እንጂ ደቃቁን አያስቀርም። በተለይ ኤምዲኤፍ የምትቆርጡ ደህና ማስክ ግዙ፣ ደጅ ላይ ቁረጡ። የተልባ ዘይት የቀባችሁበትን ጨርቅም ጠቅልላችሁ ሰጋቱራ ላይ አትጣሉ፤ ራሱ ግሎ እሳት ያነሳል። ዘርግታችሁ ደጅ አድርቁት። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ ደግሞ ከጎረቤት ጋር ስለ ድምፅ ከመጣላት በእጅ መጋዝና በመላጊያ መሥራት ልመዱ፤ መሮው በደንብ ከተሳለ ብዙ አትጎዱም።

በመጨረሻ የተስማማነው ጣውላ በጋራ ለመግዛት ነው። ገንዘብ ተዋጥቶ የመጣው ዋንዛ አሁን በግቢያችን ጥግ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ቆርቆሮ ለብሶ፣ በየጣውላው መካከል ቀጫጭን ዱላ ተደርጎበት ተደርድሯል። ዱላዎቹ አንዱ በአንዱ ትክክል መዋል አለባቸው፤ ካልሆነ ጣውላው ይጎብጣል። ጫፍ ጫፉን በአሮጌ የዘይት ቀለም ቀብተነዋል፣ ውኃው ከጫፍ ፈጥኖ ወጥቶ እንዳይሰነጥቀው። የገባበት ቀን በጠመኔ ተጽፏል። እንጨት ቤቶች ሁሉ ይህን ቀን ቢጽፉና ለገዢ ቢያሳዩ እወዳለሁ፤ ሌላ ምንም ባይጨምሩ።

መምህሩ ግን «እኔ ዓመት አልጠብቅም» ብለው ከፈረሰ አሮጌ ቤት የወጣ የጥድ በር ገዝተው መጡ። አልተሳሳቱም። ስንት ክረምትና በጋ ያየ ጣውላ ከዚህ በላይ አይደርቅም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ አካባቢ ቤቶች ሲፈርሱ እንዲህ ያለ እንጨት ለማገዶ ሲሄድ አንጀቴ አርሯል። እንዲህ ያለውን የምትገዙ፣ መጀመሪያ ማግኔት አሳልፉበት፤ ውስጡ የተሰበረች አንዲት ሚስማር ዲስኩን ትጨርሰዋለች። አሮጌ ቀለም ካለበትም በብርጭቆ ወረቀት በደረቁ አትፈግፍጉት፣ የድሮ ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላልና። አርጥባችሁ ፋቁት፣ ልጆችን አርቁ፣ የወጣውን ልጣጭ ሰብስባችሁ በፌስታል እሰሩት።