ኮሚሽን የሚከፍል ሊንክ፦ አዲስ ድረ ገጽ ስለሚያስፈልጉት የሕግ ሰነዶች

አፊሊዬት የሚባለው ድረ ገጽ ራሱ ምንም አይሸጥም። ስለ አንድ ዕቃ ወይም አገልግሎት ይጽፋል፤ ከጽሑፉ መሐል ወደ ሻጩ የሚወስድ ሊንክ ያስቀምጣል፤ አንባቢው በዚያ ሊንክ ገብቶ ሲገዛ ሻጩ ለድረ ገጹ ባለቤት ኮሚሽን ይከፍላል። አማዞን ይህን አሠራር እ.ኤ.አ. በ1996 ከጀመረው ወዲህ የሆቴል ማስያዣዎች፣ አስጎብኚዎችና የሶፍትዌር ሻጮች ተከትለውታል። አርባ ምንጭ ላይ ለዚህ ሥራ የሚመች ርዕስ ሩቅ ሄዶ መፈለግ አያስፈልግም። የጫሞ ሐይቅ አዞ ገበያ፣ ነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ፣ የዶርዜ ሸማኔዎችና የጨንቻ ደጋ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ መኝታውን ከመያዙ በፊት ኢንተርኔት ላይ የሚያስሳቸው ናቸው። ከተማው ውስጥ ተቀምጦ ስለ እነዚህ ቦታዎች በደንብ የሚጽፍና የሆቴል ማስያዣ ሊንክ የሚያስገባ ሰው፣ ጀርመን ያለ አንባቢ ክፍል በያዘ ቁጥር ድርሻውን ሊያገኝ ይችላል።

ሒሳቡ የሚያዘው እንዲህ ነው። ሊንኩ ውስጥ የድረ ገጹ ባለቤት መለያ ኮድ ተቀብሯል። አንባቢው ሲጫነው የሻጩ ሲስተም በአንባቢው ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ ኩኪ የሚባል ትንሽ የመረጃ ፋይል ያስቀምጣል፤ ግዢው የማን ደንበኛ እንደሆነ የሚታወቀው በእሱ ነው። አማዞን በመደበኛው አሠራሩ ሊንኩ ከተጫነበት ጀምሮ 24 ሰዓት ይቆጥራል፤ ሌሎች ቀናትና ሳምንታት ይሰጣሉ። ሁለቱ ዋና የሕግ ጥያቄዎች ከዚሁ ይመነጫሉ። ጸሐፊው ከሻጩ ጋር የጥቅም ግንኙነት አለው፤ የአንባቢው እንቅስቃሴም ይመዘገባል። አዲስ ድረ ገጽ የሚያስፈልጉት ሰነዶች በአብዛኛው እነዚህን ሁለት ነገሮች ሳይሸፋፍኑ የሚናገሩ ናቸው።

ቅድሚያ የሚሰጠው የጥቅም ግንኙነት መግለጫ ነው። ቤት የሚያከራይ ደላላ ደላላ መሆኑ ስለሚታወቅ ተከራዩ ወሬውን በልኩ ይሰማዋል። የድረ ገጽ አንባቢ ግን ካልተነገረው በቀር ያነበበውን እንደ ወዳጅ ምክር ነው የሚወስደው። የኢትዮጵያ ሕግ ስለ አፊሊዬት በስም የሚለው ባይኖርም ጉዳዩን ሜዳ ላይ አልተወውም። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የኢንተርኔት ድረ ገጽንም ከማስታወቂያ ማሰራጫ መንገዶች ይቆጥራል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ደግሞ ሸማቹ ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ገንዘብ የተቀበሉበትን ውዳሴ ነፃ አስተያየት አስመስሎ ማቅረብ ከሁለቱም ጋር ያጋጫል።

ከአሜሪካ አንባቢ ጋር ሲሆን የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሚባለው መሥሪያ ቤት መመሪያ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2023 በተሻሻለው በዚህ መመሪያ መሠረት መግለጫው ግልጽና በቀላሉ የሚታይ መሆን አለበት። ከገጹ ግርጌ በደቃቅ ፊደል ማስፈር ወይም «ስለ እኛ» በሚል ገጽ ውስጥ መደበቅ አይበቃም። መሥሪያ ቤቱ «አፊሊዬት ሊንክ» የሚለው ቃል ብቻውን ለተራ አንባቢ ትርጉም ላይሰጥ እንደሚችልም ያስጠነቅቃል፤ ለአማርኛ አንባቢማ ከዚያ በባሰ ባዶ ድምፅ ነው። የሚሻለው ነገሩን በሰው ቋንቋ ከመጀመሪያው ሊንክ በላይ መጻፍ ነው፦ «በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ካሉት ሊንኮች አንዳንዶቹ ኮሚሽን ያስገኙልናል። በእነሱ ገብተው ክፍል ቢይዙ ማስያዣው ድርጅት ይከፍለናል።» ብዙዎች ከዚህ በኋላ «የእርስዎ ዋጋ ግን አይጨምርም» የሚል ይጨምራሉ። ይህ ሊጻፍ የሚገባው እውነት ሲሆን ብቻ ነው። ማረፊያው በስልክ ደውሎ ለሚይዝ እንግዳ ዋጋ የሚቀንስ ከሆነ ዐረፍተ ነገሩ ራሱ አሳሳች ማስታወቂያ ይሆናል።

ኮሚሽን የሚከፍሉት ድርጅቶችም የራሳቸው ደንብ አላቸው። አማዞን አባሎቹ በአባልነታቸው ከግዢ ገቢ እንደሚያገኙ በራሱ የተቀረጸ አንድ ዐረፍተ ነገር በገጻቸው ላይ እንዲጽፉ ያስገድዳል። ያረጀ ዋጋ የሚያሳዩ አባላትንም አይታገሥም። እውነቱን ለመናገር አርባ ምንጭ ያለ የትንሽ ድረ ገጽ ባለቤትን ቀድሞ የሚያገኘው ቅጣት ከዋሽንግተን ወይም ከብራስልስ የሚመጣ አይደለም፤ አካውንቱ ተዘግቶ የተጠራቀመው ኮሚሽን መቅረቱ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን የአባልነት ውል እስከ መጨረሻው ማንበብ የሰነድ ዝግጅቱ አካል ነው።

ሁለተኛው ሰነድ የግል መረጃ አጠባበቅ ፖሊሲ ነው፤ ብዙ ጥፋት የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው። የተለመደው መንገድ የሌላ ድረ ገጽ ፖሊሲ ገልብጦ ስሙን መቀየር ነው። ውጤቱ ግራ ያጋባል፦ ጋሞ ዞን ውስጥ የሚሠራ ገጽ ስለ ካሊፎርኒያ ነዋሪዎች መብት ሦስት አንቀጽ ይጽፋል፤ የሌለውን የመረጃ ጥበቃ ኃላፊ ይጠቅሳል፤ በየገጹ የሚሠራውን የጉግል አናሊቲክስ መቁጠሪያ ግን አያነሳም። የተገለበጠ ፖሊሲ ከምንም ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ አያዋጣም። ፖሊሲ ለአንባቢ የተገባ ቃል ነውና ያልተደረገን ነገር ይደረጋል ብሎ መጻፍ ዝም ከማለት የበለጠ ያስጠይቃል።

ትክክለኛው አካሄድ ከጽሑፍ በፊት ቆጠራ ነው። ስለ አርባ ምንጭ የሚጽፈውን የጉዞ ድረ ገጽ እንውሰድ። ድረ ገጹን ያስቀመጠው አስተናጋጅ ሰርቨር የጎብኚውን አይፒ አድራሻ ይመዘግባል። የጎብኚ መቁጠሪያው ከየትኛው አገር፣ በምን ስልክ፣ ለስንት ደቂቃ እንደተነበበ ያያል። የሆቴል ማስያዣው ሊንክ ኩኪ ይጥላል። የተካተተው የዩቲዩብ ቪዲዮና የጉግል ካርታ የየራሳቸውን ይጨምራሉ። «ያግኙን» በሚለው ቅጽ ስምና ኢሜይል ይገባል፤ የጉዞ ቀን የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ሰውየው ከቤቱ የማይኖርበት ቀን ጭምር ይታወቃል። ለእያንዳንዱ ምን እንደሚሰበሰብ፣ ለምን፣ ማን እንደሚያየው፣ ስንት ጊዜ እንደሚቆይ አንድ አንድ መስመር ከተጻፈ ፖሊሲው ግማሽ መንገድ ሄዷል። ቆጠራው ብዙ ጊዜ ሌላ ጥቅምም አለው፤ ከማያስፈልጉት ነገሮች ግማሹ ይነቀላል።

የአገር ውስጡ መለኪያ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መጋቢት 2016 ዓ.ም. ያጸደቀው ይህ አዋጅ ለኢትዮጵያ በዘርፉ የመጀመሪያው ራሱን የቻለ ሕግ ነው፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለስልጣን ነው። ከዚያ በፊት ዋናው መሠረት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ነበር። አዋጁ መረጃ በሕጋዊ ምክንያት፣ ለታወቀ ዓላማና በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ ይጠይቃል። ባለመረጃው ስለ እሱ የተያዘውን የማየትና የማሳረም መብት አለው። መረጃ አፈትልኮ ከወጣ ለባለስልጣኑ በ72 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ ይገባል። ቅጽ የሞሉ ሰዎችን ስም በኢሜይል ሳጥን ውስጥ ለዓመታት የሚያከማች ጦማሪ ይህ እሱንም እንደሚመለከት አያስብም።

የአውሮፓው አጠቃላይ የመረጃ ጥበቃ ደንብ ከግንቦት 2010 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። አንድ ፈረንሳዊ በአጋጣሚ ገጹን ስለከፈተ ብቻ ደንቡ አርባ ምንጭ አይደርስም። ድረ ገጹ አውሮፓ ላሉ ሰዎች ብሎ አገልግሎት ሲያቀርብ፣ ለምሳሌ በጀርመንኛ ጽፎ በዩሮ ዋጋ ሲያሳይ፣ ወይም እዚያ ያሉትን ጎብኚዎች ባሕርይ ሲከታተል ግን ይደርሳል። ከኩኪ ጋር የተያያዘው ግዴታም ከባድ ነው፤ የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2019 በፕላኔት 49 ጉዳይ አስቀድሞ ምልክት የተደረገበት ሳጥን ፈቃድ አይባልም ብሎ ወስኗል። ስለዚህ ለድረ ገጹ ሥራ የግድ የማያስፈልጉ ኩኪዎች ጎብኚው «እሺ» እስኪል መቆየት አለባቸው፤ «አልፈልግም» የሚለው ቁልፍም ከ«እሺ» እኩል ሊታይ ይገባል። ወደ ውጭ አገር ጎብኚ ያነጣጠረ የጋሞ የጉዞ ገጽ ይህን መሸሽ አይችልም፤ አንባቢዎቹ እነሱው ናቸውና።

ኢሜይል የሚሰበስብ ገጽ አንድ ተጨማሪ ሕግ ማወቅ አለበት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያልተፈለገ የማስታወቂያ ኢሜይል ማሰራጨትን በወንጀል ይቀጣል። ተቀባዩ አስቀድሞ ፈቅዶ ከሆነ፣ የላኪው ማንነትና አድራሻ በመልእክቱ ላይ ካለና ከዝርዝሩ መውጫ መንገድ ከተሰጠ ግን ችግር የለም። ስለ ጫሞ ጀልባ ጥያቄ ልኮ የነበረን ሰው አድራሻ ሳይጠይቁ ወደ ማስታወቂያ ዝርዝር መጨመር ትንሽ ነገር ይመስላል፤ በሕጉ ዓይን ግን አይደለም።

ሦስተኛው ሰነድ የአጠቃቀም ውል ነው፤ የኃላፊነት ወሰንም አብሮት ይቀመጣል። እዚህ ላይ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንድ ጠቃሚ አንቀጽ አለው። አንቀጽ 1686 እንደሚለው አንዱ ወገን ለሥራው ያዘጋጀው አጠቃላይ የውል ሁኔታ ሌላውን የሚያስገድደው ያ ሰው አውቆት ሲቀበለው ነው። ስለዚህ ከገጽ ግርጌ ተቀብሮ ማንም ያላነበበው ውል ባለቤቱን ብዙም አይከላከልለትም። ድረ ገጹ ከጎብኚው ጋር በእርግጥ ውል የሚገባበት ቦታ ካለ፣ ለምሳሌ አባል ሲመዘግብ፣ ውሉ ከፊት ቀርቦ «ተስማምቻለሁ» ሊባልበት ይገባል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ ለተገባ ውል ዕውቅና ስለሚሰጥ ያ ስምምነት ይጸናል።

የኃላፊነት ወሰኑ ከአካባቢው እውነታ ሲነሳ ነው የሚጠቅመው። የፓርክ መግቢያና የጀልባ ክፍያ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ዋጋ የተጠየቀበት ቀን ሊጻፍበት ይገባል። ከአርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ 2,700 ሜትር አካባቢ የሚወጣው መንገድ በክረምትና በበጋ አንድ አይደለም። ጫሞ ላይ አዞና ጉማሬ አለ፤ ጉብኝቱ ያለ አካባቢው አስጎብኚ እንዳይደረግ መንገር የደኅንነት ምክርም የሕግ ጥንቃቄም ነው። ክፍሉን የሚሸጠው ማስያዣው ድርጅት እንጂ ድረ ገጹ አለመሆኑ፣ የገንዘብ መመለስ ጥያቄም ወደዚያው እንደሚሄድ በግልጽ መነገር አለበት። በአንጻሩ «ለማንኛውም ነገር ተጠያቂ አይደለንም» የሚለው ድፍን ዐረፍተ ነገር አውቆ የዋሸን ሰው አያድንም። ያላደሩበትን ሆቴል «አድረን አየነው» ብሎ የጻፈ ገጽ በግርጌው የፈለገውን ቢለጥፍ ጥቅም የለውም።

ፎቶ ለብቻው ሊታይ ይገባል፤ የጉዞ ገጽ ያለ ፎቶ አይሸጥምና። ከጉግል ላይ ያገኙትን ሥዕል ያለ ፈቃድ አውርዶ ገጹ ላይ መለጠፍ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ያስጥሳል፤ ሆቴሉ ራሱ የለጠፈውን ፎቶም ያለ ፈቃድ መጠቀም አይቻልም። በገዛ ካሜራ የተነሣ ፎቶም ቢሆን ነፃ ነው ማለት አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በሕዝብ ፊት እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። ዶርዜ ላይ ሸማ እየሠራ ሳለ ፊቱ የተነሣ ሸማኔ ለአንድ ቱሪስት ማስታወሻ ፈገግ አለ ማለት ምስሉ ኮሚሽን በሚያመጣ ገጽ ላይ እንዲውል ፈቀደ ማለት አይደለም። ምን ላይ እንደሚወጣ በሚገባው ቋንቋ ነግሮ፣ በጋሞኛ ከሆነም በጋሞኛ፣ አጭር የጽሑፍ ፈቃድ መያዝ ይገባል። ለልጅ ፎቶ ፈቃዱ ከወላጅ ነው።

ሰነዶቹን ከየት ማግኘት ይቻላል ለሚለው ሦስት መንገድ አለ። በኢንተርኔት የሚገኙት ነፃ ፖሊሲ አዘጋጆች ለእንግሊዝኛው ረቂቅ መነሻ ይሆናሉ፤ የኢትዮጵያን አዋጆች ግን አብዛኞቹ አያውቋቸውም። ጠበቃ ማሠራት ዋጋ አለው። ባለቤቱ ቆጠራውን ጨርሶ ረቂቁን ራሱ ጽፎ ከሄደ ግን ጠበቃው የሚያርመው እንጂ ከባዶ የሚጽፈው ስለማይሆን ወጪው ይቀንሳል። የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በአካባቢው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ ይህ በዋናነት ጠበቃ ለመያዝ አቅም ለሌላቸው ባለጉዳዮች የተዘጋጀ ስለሆነ የንግድ ሰነድ ማርቀቂያ አድርጎ ማሰብ ግን ተገቢ አይደለም። ኮሚሽኑ መደበኛ ገቢ ሲሆን የንግድ ፈቃድና የግብር ጥያቄም ይነሣል፤ ለዚያ የከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ገቢዎች ናቸው የሚጠየቁት።

ሰነዱ በሁለት ቋንቋ ሲወጣ አለመግባባት ቢነሳ የትኛው እንደሚጸና በአንድ ዐረፍተ ነገር መወሰን ያስፈልጋል። አናቱ ላይ የመጨረሻው ማሻሻያ ቀን ይጻፋል። አዲስ መቁጠሪያ ወይም አዲስ የኮሚሽን አጋር ሲጨመር ፖሊሲው በዚያው ቀን ይታረማል፤ የቀድሞው ቅጂም ቀኑ ተጽፎበት ይቀመጣል፤ ከወራት በኋላ ቅሬታ የሚያቀርብ ጎብኚ የሚዳኘው ገጹን በከፈተበት ቀን በነበረው ጽሑፍ ነውና።