ካልዲ ማን ነበር?

አንባቢ ሆይ፤ የሰው ልጅ ጭንብል ያየ እንደ ሆነ ከጭንብሉ በስተኋላ ያለውን ፊት ሳያውቅ አያርፍም። እኛም ከምድጃው ዳር «እንቆቅልሽ» ስንባል «ምን አውቅልህ» እያልን አድገናል። መልሱ የጠፋው ልጅ ሀገር ይሰጣል፤ ጠያቂውም ሀገሩን ተረክቦ፣ ተሸናፊውን እንደ ልቡ ከሰደበ በኋላ ምስጢሩን ይገልጣል። ዛሬ ይህ ጨዋታ ልብሱን ለውጦ ወደ ቪዲዮ ጨዋታ ገብቷል።

ተጫዋቹ እንደ ተዋናይ ሆኖ አንድ ረጅም ታሪክ የሚኖርባቸው ጨዋታዎች አሉ። ከነዚህም አንዱ በ1999 በጃፓን የወጣው «ፋይናል ፋንታሲ 8» ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በታሪኩ ውስጥ ሪኖአ የምትባል ደግ ልጃገረድና ከሩቅ መጪ ዘመን የተነሣች አልቲሚሲያ የምትባል ክፉ ጠንቋይ ይገኛሉ። ተጫዋቾቹም «ሁለቱ አንዲት ሴት ናቸው፤ ደጓ ልጅ ዘመን ተጭኗት ክፉ ሆና ነው» ሲሉ መላ መቱ። ማስረጃ አላጡም። ሪኖአ በታሪኩ መካከል ራሷ ጠንቋይ ትሆናለች። በወዳጅዋ ቀለበት ላይ የተቀረጸው አንበሳ ግሪቨር ይባላል፤ ጠንቋይቱም በመጨረሻው ውጊያ የምትጠራው አውሬ ስሙ ያው ግሪቨር ነው። ከዓመታት በኋላ የጨዋታው ዳይሬክተር ዮሺኖሪ ኪታሴ ስለዚሁ ተጠይቆ «አይደለም» የሚል መልስ ሰጠ። ክርክሩ ግን በዚህ አልበረደም። እንደዚሁም በ2015 በወጣው «አንደርቴል» ውስጥ ሳንስ የሚባለው ቀልደኛ አጽም፣ «ኧርዝባውንድ» በተባለው የቀድሞ ጨዋታ ውስጥ የነበረው ልጅ ኔስ ነው ተብሎ ብዙ ተሥቋል፤ ብዙም ተከራክረውበታል።

«ይህ የሩቅ ሀገር ወጣቶች ቀልድ ለኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር ወደ ከፋ ይምጣ። ከጅማ ወደ ደቡብ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ቦንጋ ሲደርስ፣ ዓለም በየማለዳው የሚጠጣው ቡና ራሱ ጭንብል እንዳጠለቀ ይረዳል። ያውም ጭንብሉ አንድ አይደለም፤ ሦስት ነው።

የመጀመሪያው ጭንብል ካልዲ ነው። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲፈነጥዙ አይቶ ቡናን አገኘ የሚባለውን እረኛ የማያውቅ የለም። ለመሆኑ ይህ ሰው ማን ነበር? በከፋ «ነገሩ የሆነው በዴቻ ወረዳ፣ በማንኪራ ነው» ይላሉ። በጅማ በኩል ያሉት ደግሞ «የለም፤ በጎማ ወረዳ፣ በጮጬ ነው» ብለው ይሞግታሉ። ትክክለኛ ስሙ ኻሊድ ነው የሚሉም አሉ። እንግዲህ ሁሉም «ሀገር ስጠኝ» ባይ ነው፤ ሰጪ ግን አልተገኘም። ፋውስቶ ናይሮኒ የተባለው የማሮናይት ሊቅ በ1671 ሮም ላይ ያሳተመውን የላቲን ድርሰት የተመለከትን እንደ ሆነ ግን ነገሩ ያስደንቀናል። በዚያ ታሪክ እረኛው ስም የለውም። መንጋው ግመል ወይም ፍየል ነው፤ ሀገሩም የመን ነው። «ካልዲ» የሚለው ስም የተጨመረው ኋላ በመጡ ጸሐፊዎች ነው። ጭንብሉን ስናነሣ፣ ከሥሩ ያገኘነው አንድ ስም የለሽ እረኛ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ጭንብል ቃሉ ነው። «ኮፊ» የሚለው የፈረንጅ ቃል «ከፋ» ከሚለው የሀገራችን ስም ወጣ ሲባል ያልሰማ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። ድምፁ ይመሳሰላል፤ ቡናውም የከፋ ነው፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል ያሰኛል። ዳሩ ግን ከፋዎች ራሳቸው በከፊኛ ቡናን «ቡኖ» ይሉታል እንጂ «ከፋ» አይሉትም። የፈረንጁ ቃል የመጣው ከዐረብኛው «ቀህዋ» በቱርክኛው «ካህቬ» በኩል ነው፤ «ቀህዋ»ም ቀድሞ የወይን ጠጅ መጠሪያ ሆኖ ያገለገለ ቃል ነው። «ቀ» እና «ከ» ደግሞ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ አንድ እንዳልሆኑ ማስረዳት አያሻም። ስለዚህ ይህ መላ ምት፣ ሪኖአንና ጠንቋይቱን አንድ እንዳደረገው መላ ምት፣ በመመሳሰል ላይ የቆመ ነው፤ ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ጠበቅ አድርገው ሲይዙት ግን ይላላል።

ሦስተኛው ጭንብል ከሁሉ የሚበልጠው ነው። የስዊድኑ ሊቅ ሊኒየስ በ1753 ለዕፀዋት ስም ሲያወጣ፣ የኛን ቡና «ኮፊያ አራቢካ»፣ ማለት የዐረብ ቡና፣ ብሎ መዘገበው። ቡና ወደ አውሮፓ የዘለቀው በየመን በኩል ነበርና ተሸካሚው ባለቤት መስሎ ታየ። የዱር ቡናው ግን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ውስጥ፣ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያለ ተካይ ይበቅላል። ሪኖአና አልቲሚሲያ በተወለዱበት በ1999 ደግሞ ተመራማሪዎች የዚህን ተክል ስውር ወላጆች በዘር ምርመራ ለይተው አሳወቁ። አንደኛው ሮቡስታ የሚባለው ቡና፣ ሁለተኛው ዩጂኒዮይደስ የሚባለው የምሥራቅ አፍሪካ ቡና ነው። ሁለቱ በመቶ ሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ተዳቀሉ። እያንዳንዳቸው 22 ክሮሞዞም ሲኖራቸው፣ የኛው ቡና የሁለቱንም ይዞ 44 አለው። እነሆ፣ «ይህ ሰው የእገሌና የእገሊት ልጅ ነው» የሚለው ግምት ለአንድ ጊዜ እንኳ በእርግጠኛ ማስረጃ ተፈታ!

ከዚህ ሁሉ የምንማረው አንድ ነገር አለ። መላ መምታት ነውር አይደለም፤ እውቀት የሚጀምረው ከዚያ ነው። ነገር ግን መመሳሰል ፍንጭ ነው እንጂ ምስክር አይደለም። ይህን የዘነጋ ተማሪ በፈተና ይወድቃል፤ ይህን የዘነጋ የቢሮ ሠራተኛም የሥራ ባልደረባውን አረማመድ አይቶ «የእገሌ ሰው ነው» እያለ በሐሜት ሰው ይጎዳል። ለቪዲዮ ጨዋታው እንቆቅልሽ ደራሲው በሕይወት አለና ይጠየቃል። ለቡና እንቆቅልሽ ግን የሚጠየቀው ምስክር አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ጫካው ነው።

ምስክሩ ደግሞ ዘላለማዊ አይደለም። በዓለም ላይ የተስፋፋው የአራቢካ ተክል የተገኘው ከጥቂት ዘር ነው፤ በ1714 ከአምስተርዳም ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ የተበረከተው አንድ ተክል እንኳ የብዙ እርሻ አባት ሆኗል። ስለዚህ በሽታና ሙቀት የሚቋቋም አዲስ ዘር የሚሻ ሁሉ፣ እጅግ ልዩ ልዩ የሆነውን የዱር ዘር ፍለጋ ዐይኑን ወደኛ ጫካ ይመልሳል። የከፋ ደን በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህም ሆኖ የዱር አራቢካ ዛሬ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ዕፀዋት ተቆጥሯል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ማንኪራና ጮጬ ስለ እረኛው ይከራከሩ፤ ክርክሩ የወንድማማች ነውና ቡናውን ያጣፍጠዋል እንጂ አያመርረውም። ነገር ግን ስለ እረኛው ስም ስንሟገት ፍየሎቹ የበሉበት ዛፍ የተቆረጠ እንደ ሆነ፣ እንቆቅልሹን የሚፈታልን አይኖርም፤ ያን ጊዜ የምንሰጠው ሀገርም የልጆች ጨዋታ ሀገር አይሆንም።