ማዳበሪያን ከዘር ቀን ቀድሞ ስለማድረስ

አገራችን የባሕር በር ስለሌላት ከውጭ የሚገባው ማዳበሪያ በአብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ተራግፎ፣ ረጅም መንገድ ተጉዞ ወደ መሐል አገር ይደርሳል። ከዚያም በዩኒየኖች መጋዘን አልፎ በመሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በኩል ለገበሬው ይታደላል። ይሁን እንጂ ይህን ሁሉ አገር ያቋረጠ ማዳበሪያ በመጨረሻው አጭር መንገድ ላይ ሊደናቀፍ ይችላል፤ ይኸውም ከመጋዘኑ እስከ ቀበሌው ያለው መንገድ ክረምት ሲገባ ስለሚጨቀይ ነው።

የዘገየ ማዳበሪያ ሁሉ ጉዳቱ እኩል አይደለም። በኤንፒኤስ ውስጥ ያለው ፎስፎረስ በአፈር ውስጥ እምብዛም ስለማይንቀሳቀስ፣ በዘር ወቅት ከሥሩ አጠገብ ካልዋለ በኋላ ላዩ ላይ ቢበተን ጥቅሙ አነስተኛ ነው። ዩሪያ ግን 46 በመቶ ናይትሮጅን የያዘና በቀላሉ የሚሟሟ ስለሆነ፣ ለስንዴ ተከፋፍሎ ሲሰጥ ከፊሉ ሰብሉ ማቆጥቆጥ ሲጀምር ይጨመራል። ስለዚህ መኪና ሲያጥር በቅድሚያ መጫን ያለበት ኤንፒኤስና በዘር ጊዜ የሚያስፈልገው ዩሪያ ነው።

ጊዜውን የምናሰላው ከዘር ቀን ወደ ኋላ በመቁጠር ነው። ለምሳሌ ያህል የአንድ ማኅበር 400 አባላት እያንዳንዳቸው ግማሽ ሄክታር ስንዴ ይዘራሉ እንበል። በሄክታር 1 ኩንታል ኤንፒኤስ ቢታሰብ 200 ኩንታል፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎ 400 ከረጢት ያስፈልጋል። 50 ኩንታል የሚጭን አንድ አይሱዙ በቀን አንድ ጊዜ ቢመላለስ 4 ቀን ይፈጅበታል። በቀን 80 አባላት ቢስተናገዱ ዕደላው 5 ቀን ይወስዳል። ለዝናብና ለመኪና ብልሽት 10 ቀን መጠባበቂያ ይያዝ። እንግዲህ ዘሩ ሰኔ 20 የሚጀመር ከሆነ፣ ለኤንፒኤሱ ብቻ ማጓጓዙ ሰኔ 1 መጀመር አለበት። የዩሪያው ጊዜ በዚሁ ላይ ይደመራል።

ከዚህ ስሌት እንደምንረዳው፣ ሁለተኛ መኪና መከራየት የሚያተርፈው 2 ቀን ነው። ሁለተኛ መዝጋቢ መመደብም ዕደላውን ከ5 ወደ 3 ቀን ያወርደዋል፤ ወጪው ግን እጅግ ያነሰ ነው። በመሆኑም የሚከተሉትን እንመክራለን፦

1. የአባላት ስም ዝርዝርና ክፍያ በግንቦት ወር ይጠናቀቅ።
2. ከረጢቱ በእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይደርደር፤ ዩሪያ እርጥበት ይስባል።
3. ቀድሞ የገባው ቀድሞ ይውጣ፤ ገቢና ወጪው በየዕለቱ ይመዝገብ።

የልማት ሠራተኞች ይህን ስሌት በየቀበሌያቸው የዘር ቀን፣ መሬትና የማዳበሪያ መጠን መሠረት ከማኅበሩ ኮሚቴ ጋር አስቀድመው እንዲሠሩ እናሳስባለን።