የነርስ ፈቃድ በአሜሪካና የትምህርት ቤት መዝገብ

በአገር ቤት ተመርቆ በሆስፒታል ሲያገለግል የቆየ ነርስ ወደ አሜሪካ ቢሄድ፣ የያዘው ዲፕሎማ ወይም ዲግሪ ብቻውን በነርስነት አያሠራውም። በዚያ አገር የነርስነትን ፈቃድ የሚሰጠው ማዕከላዊው መንግሥት ሳይሆን የየክፍለ ግዛቱ የነርሶች ቦርድ ነው። ስለዚህ በሜሪላንድ የሚበቃው ማስረጃ በሌላው ላይበቃ ስለሚችል፣ አመልካቹ አስቀድሞ የሚሠራበትን ክፍለ ግዛት መርጦ የዚያን ቦርድ ደንብ ማንበብ ይኖርበታል።

ለመሆኑ ቦርዱ ምን ይጠይቃል? ከሁሉ በፊት የትምህርት ማስረጃው ይመረመራል። ይህን ሥራ ከሚሠሩት ድርጅቶች ዋነኛው እ.ኤ.አ. በ1977 የተቋቋመውና በምሕፃር ሲ.ጂ.ኤፍ.ኤን.ኤስ. ሲባል የኖረው ኮሚሽን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ስሙን ለውጦ ትሩሜሪት ተብሏል። መርማሪዎቹ ማዕረጉን ብቻ አይተው አያልፉም። ተማሪው በአዋቂዎች ሕመም፣ በቀዶ ጥገና፣ በእናቶች፣ በሕፃናትና በአእምሮ ሕሙማን እንክብካቤ ስንት ሰዓት በክፍል፣ ስንት ሰዓት በሆስፒታል ልምምድ እንዳሳለፈ ይቆጥራሉ። በመዝገቡ ላይ የኮርሱ ስም ብቻ ተጽፎ ሰዓቱ ካልተመለከተ፣ የተማረው እንዳልተማረ ሊቆጠር ይችላል። ማስረጃውም በተመራቂው እጅ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ በቀጥታ መላክ አለበት። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ማጠናቀቂያም ስለሚጠየቅ ነገሩ እኛንም ይነካል።

ለእኛ ሰው ስምና ዘመን የተለየ ችግር ያመጣሉ። ፀሐይ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በላቲን ፊደል በ«ቲ»ና «ኤስ»፣ ሌላው በ«ቲ»ና «ዜድ» ይጀምረዋል። በፓስፖርት ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ሲያዝ፣ በትምህርት ማስረጃው ላይ ጨርሶ የለም። የዘመኑ ደግሞ ይብሳል፤ በጥር 1993 ዓ.ም. ተወልዶ በ2000 ዓ.ም. አንደኛ ክፍል የገባ ልጅ፣ ልደቱ ብቻ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቢለወጥ 2001 ስለሚሆን፣ ከመወለዱ በፊት ትምህርት የጀመረ ይመስላል!

በሁለተኛ ደረጃ ያስተማርኳት አንዲት ነርስ ፋይሏ ሰባት ወር የቆመው በአባቷ ስም ውስጥ በገባች አንዲት ፊደል ምክንያት ነበር። በዚያ ጊዜ ሁሉ በአረጋውያን መጦሪያ ቤት በነርስ ረዳትነት ሠርታለች፤ ስንት ዓመት መርፌ ስትወጋ የኖረች ሴት መርፌ መንካት አይፈቀድላትም ነበር። ደብዳቤው ከትምህርት ቤቷ እስኪታረም ድረስ የሚደረግ ነገር አልነበረም።

ማስረጃው ሲሟላ፣ ብዙ ቦርዶች የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናም ይጨምራሉ። ከዚያ በኋላ ኤንክሌክስ የተባለው የሙያ ፈተና ይከተላል። የሚሰጠው በኮምፒውተር ሲሆን እ.ኤ.አ. ከ2023 ወዲህ ጥያቄዎቹ ከ85 ያላነሱ፣ ከ150 ያልበለጡ ናቸው፤ የተመደበውም 5 ሰዓት ነው። ኮምፒውተሩ ቀጣዩን ጥያቄ የሚመርጠው የተፈታኙን መልስ እያየ ነው፤ ትክክል ሲመልስ ይከብዳል፣ ሲሳሳት ይቀላል። በ85ኛው ላይ የቆመለት ሰው በእርግጥ አልፏል የሚባለው ወሬ ግን ውሸት ነው፤ መውደቁም ገና በ85ኛው ሊታወቅ ይችላልና።

ከሁሉም የሚያስቸግረው የጥያቄው ዓይነት ይመስለኛል። የበሽታን ምልክት ዘርዝር አይልም፤ አራት በሽተኞች በአንድ ጊዜ ቢጠሩህ ወደ ማን ትሮጣለህ ይላል። ሸምድዶ ላደገ ተማሪ ይህ አዲስ ነገር ነው። የወደቀ ሰው ቢያንስ 45 ቀን ጠብቆ እንደገና መፈተን ይችላል። ያቺ ተማሪዬም ያለፈችው በሁለተኛው ጊዜ ነው።