ባለ ሸራ መርከቦች ለእሽቅድምድም ሲነሡ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ዓ.ም. በጁላይ ወር፣ በደቡብ እንግሊዝ በሚገኘው በቶርቤይ ባሕረ ሰላጤ፣ 20 ባለ ሸራ መርከቦች የመነሻውን ምልክት ይጠባበቁ ነበር። ጉዞአቸው እስከ ፖርቱጋል ዋና ከተማ እስከ ሊዝበን ነው። ሐሳቡን ያመነጩት በርናርድ ሞርጋን የተባሉ የሎንዶን ጠበቃ ሲሆኑ፣ ዝግጅቱም የታሰበው ለሸራ ዘመን አንድ ጊዜ የሚደረግ መሰነባበቻ እንዲሆን ነበር።

የእነዚህ መርከቦች አነሣሥ የፈረስ እሽቅድምድምን አይመስልም። ፈረስ በልጓም ተይዞ ይጠብቃል፤ ባለ ሸራ መርከብን ግን እንደ ልብ ማቆም አይቻልም። ስለዚህ አዛዡ ሰዓቱን እየተመለከተ ከመነሻው መሥመር በስተኋላ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል። ከምልክቱ በፊት መሥመሩን ያለፈ ይቀጣል፤ የዘገየም መልካሙን ነፋስ ለባልንጀራው ይለቃል። በዚህ መካከል ወጣቶቹ በገመድ መሰላል ወደ ደቀሉ ጫፍ ይወጣሉ፤ ከታች የቀሩትም በአንድ ድምፅ እየተጣሩ ገመዱን ይስባሉ። ከባሕሩ ዳር ለቆመው ተመልካች ይህ ሁሉ ድካም አይታየውም፤ የሚታየው ነጭ ሸራ ተራ በተራ ሲዘረጋና መርከቡ ጐንበስ ብሎ ሲገሠግሥ ብቻ ነው። ነፋስ በጠፋ ቀን ደግሞ ተመልካቹ በአንድ ስፍራ የተገተረ መርከብ ሲያይ ውሎ ይመለሳል።

ለነጋዴ ይህ ትርኢት ሌላም ነገር ያስታውሰዋል። በ1866 ዓ.ም. ኤሪየል፣ ቴፒንግና ሴሪካ የተባሉት መርከቦች የዓመቱን አዲስ ሻይ ጭነው ከቻይና፣ ከፉቾው ወደብ ወደ ሎንዶን ተሽቀዳደሙ። ቀድሞ ገበያ የገባ ሻይ በውድ ዋጋ ስለሚሸጥ፣ ለቀደመው መርከብ ከጭነቱ ኪራይ በላይ በየቶኑ 10 ሺሊንግ ይጨመርለት ነበር። አፍሪካን በደቡብ ዞረው፣ ከ99 ቀን ጉዞ በኋላ፣ ቴፒንግ ከኤሪየል 28 ደቂቃ ብቻ ቀድማ ገባች፤ ባለቤቶቹም ክርክር እንዳይነሣ ጭማሪውን እኩል ተካፈሉት። ይሁን እንጂ በሸራም በእንፋሎትም የምትሄደው ኤርል ኪንግ ከእነርሱ በፊት ሻይዋን ሎንዶን ላይ አራግፋ ነበር። ለባለ ሸራዎቹ ከሽልማቱ ይልቅ የሚያሳስበው ይህ ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ በ1869 ዓ.ም. የሱዌዝ ቦይ ተከፈተ። ዛሬ ከአውሮፓ በጅቡቲ በኩል የሚመጣው የኢትዮጵያ ዕቃ የሚያልፍበት ይህ የቀይ ባሕር መንገድ ለእንፋሎት መርከብ አቋራጭ ሆነለት፤ የቀይ ባሕር ነፋስ የማይስማማው ባለ ሸራ ግን የቀድሞውን ዙሪያ ጥምጥም መንገድ እንደያዘ ቀረ። በ1896 ዓ.ም. በጀርመን አገር ለንግድ ጭነት የተሠራችው ሪክመር ሪክመርስ እንኳ፣ ኋላ ሳግሬስ ተብላ ለፖርቱጋል ባሕር ኃይል ማሠልጠኛ ሆናለች፤ ዛሬም በሐምቡርግ ወደብ ቆማ ትጐበኛለች።

መሰነባበቻ የተባለው ውድድር ግን እስከ ዛሬ ይደረጋል። ከየመርከቡ ተጓዦች ቢያንስ ግማሾቹ ከ15 እስከ 25 ዓመት ዕድሜ ያላቸው መሆን አለባቸው፤ የአሁኑ ጭነት እነርሱ ናቸው ለማለት ይቻላል። በ1956ቱ ውድድር ድል ካደረጉት አንዷ፣ የመርከበኞች ትምህርት ቤት ንብረት የነበረችው ሞያና፣ ከሊዝበን ወደ አገርዋ ስትመለስ በእንግሊዝ ጠረፍ አጠገብ በማዕበል ተመትታ ሰጠመች። በውስጥዋ የነበሩት ተማሪዎችና አዛዦች ግን ሁሉም ዳኑ፤ ደርሶ ያወጣቸውም አንድ የንግድ ዕቃ ጫኝ መርከብ ነበር።