ለደከመው ሰው የሚሆን የኤሌክትሪክ ብስክሌት
ድካም አልለቅ ያላቸው ወገኖቻችን «ለሥራና ለገበያ የኤሌክትሪክ ብስክሌት ብንገዛስ?» እያሉ ይጠይቁናል። በመጀመሪያ በኩፓት ሆሊም የደም ምርመራ ይደረግ እንላለን፤ ምክንያቱ የደም ማነስ፣ የስኳር ወይም የታይሮይድ ሕመም ሊሆን ይችላልና። የሚያዞረው ሰው ሐኪም ሳያማክር አይንዳ።

ብስክሌቱን በደህና ቀናችሁ ሳይሆን በደከማችሁበት ቀን ሄዳችሁ ሞክሩት። እዚያው ሱቁ ውስጥ አንሡት፤ ብዙ ጊዜ ከ20 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ባትሪው መንገድ ላይ ቢያልቅ የምትገፉት እናንተ ናችሁ። እግር ብዙ ሳያነሡ የሚወጡበት፣ ባትሪውም ለብቻው የሚወልቅ ይሻላል፤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ባትሪው ብቻ ይወጣል። እሱንም ተኝታችሁ ወይም መውጫው በር አጠገብ ቻርጅ አታድርጉ፤ እሳት ቢነሣ መውጫ ያሳጣል።

የ14 ዓመት የልጅ ልጃችሁ ቢለምናችሁም ቁልፉን አትስጡት። በእስራኤል ሕግ ከ16 ዓመት በታች መንዳት ክልክል ነው።